የገና እንቅልፍ

ወንድምና እህት ባንድ ቤት አድገው ሁለት ልጅነት ይዘው መውጣታቸው ያለ ነገር ነው። የአንዲት ነርስና የታናሽ ወንድሟ ጉዳይም እንደዚያው ነበር። እሱ የልጅነት ገናቸውን ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ እሱን የሰማ ሰው ቤታቸው ገነት ነበር ብሎ ይምላል። እሷ ደግሞ ነገሩን ካልመረመረች አይሆንላትም።

"እስኪ አንዱን ገና ብቻ ለይተህ ንገረኝ" ትለዋለች።

እሱም ያስባል፣ ጭንቅላቱን ያካል። "ካልሲ ተሰጠን።"

"ሌላስ?"

"በላን።"

"ሌላስ?"

"ተኛን። ኧረ እትዬ፣ ያ እንቅልፍ!"

እውነቱን ነው፣ ሌላ ነገር አልነበረም። ገናዎቹ ተደራርበው እንደ አንድ ቀን ሆነው ቀርተዋል። ጠብ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ሰክሮ የሚያስቸግር ዘመድ የለ። ደስተኛ ልጅነት ለወሬ አይመችም፤ የሚያስታውሱት ጉድ ያላቸው ሌሎች ናቸው። አባታቸው በየዓመቱ ለሁሉም ግራጫ ካልሲ ይገዛል፣ በየዓመቱም አዲስ ነገር ያመጣ ይመስል ይኮራል። ምሳ ይበላል። ከዚያ አባትየው ብድግ ብሎ "በሉ፣ የገና እንቅልፍ!" ይላል።

አባትየው በያጅ ነበር። በሳሎኑ ጥግ የቆመውን የብረት ምድጃ ከአሮጌ በርሜል ቆርጦ፣ በርና እግር በይዶለት የሠራው እሱ ነው። ጭሱ በግድግዳው ሽቅብ በሚወጣ ቧንቧ ያልፋል፤ ቧንቧው ውስጥ ደግሞ በእጀታ የሚዞር ክብ መክደኛ አለ። በአዘቦት ቀን መክደኛው ገርበብ ይላል። ገና ሲሆን ግን አባትየው እጀታውን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። "ከሰል የምሸከመው ሰማዩን ላሞቅ አይደለም" ይላል። ከፊት በሩ ሥር ምንጣፍ ጠቅልሎ ይወትፋል፣ ፍራሾቹን መሬት ላይ ያነጥፋል፣ ሁሉም ባዲስ ካልሲ ጎን ለጎን ይጋደማል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ ጭጭ ይላል። ቀን ተተኝቶ እንዲህ ያለ እንቅልፍ የት ይገኛል?

የማትተኛው እናትየው ብቻ ነበረች። ከጓሮ በኩል ባለው ኩሽና የገናውን ሳህን ሁሉ አጥባ ስትጨርስ ትመጣና፣ አንድም ቃል ሳትናገር መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። ብርዱ ዘው ይላል። እሷም በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ እጇን እያንዳንዳቸው ጉንጭ ላይ እየለጠፈች ትዞራለች። ልጆቹ ይነጫነጫሉ፣ እጇን ገፍተው ይጥላሉ። አባትየው በተኛበት "መጣችላችሁ ወይዘሮ ንፋስ!" ብሎ ይስቃል። ሁሉም ራሳቸውን ያማቸዋል። "ጣፋጭ ስላበዛችሁ ነው" ትላለች እናትየው፣ መስኮቱንም ሳትዘጋው ትመለሳለች።

ነርሷ በዚህ ቂም ይዛ ነው ያደገችው። ካደገችም በኋላ "እማዬ እኮ ሰው ደስ ሲለው አትወድም" ትል ነበር። ባለፈው ዓመት እናትየው አርጅታ ስትሞት እንኳ፣ ከልቅሶዋ ሥር ያቺ ቂም ነበረች። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛት ቀረች።

ዘንድሮ ወንድምየው ብቻውን ለቀረው አባታቸው የድሮውን ገና መልሼ ካላሳየሁት ብሎ ተነሳ። ሚስቱንና የስድስት ዓመት ልጁን ይዞ ገባ። ነርሷ የማዋለጃ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ በዓል ስለሆነና ሰው ስለጎደለ ድንገተኛ ክፍል እንድትሸፍን ተመድባ ነበር። በገና ጠዋት ወንድሟ ደወለላት።

"እትዬ፣ ምድጃው ተለኩሷል። አባዬ ራሱ ነው ያቀጣጠለው፣ ብታይው ልጅ ሆኗል። ካልሲሽም ተቀምጦልሻል።"

"ቀለሙ ምንድን ነው?"

"ግራጫ ነዋ!"

ሁለቱም ሳቁ።

"በሰባት ሰዓት እንበላለን፣ በስምንት እንተኛለን። አባዬ ስልካችሁን መሳቢያ ውስጥ ክተቱ ብሎናል። ማታ ስትወጪ ነይ።"

"ሳህኑን ማን ያጥባል?"

"ነገ ይታጠባል። ዛሬ ሚስቴም ትተኛለች። እናታችን እኛ ተኝተን እሷ ሳህን ስታጥብ ኖራ ሞተች፤ እኔ ያንን አልደግመውም።"

"ተባረክ" አለችው ነርሷ፣ ከልቧ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የአምቡላንሱ ሹፌር አንድ የመጋዘን ዘበኛ ይዞ መጣ። ባልደረባው ሊተካው ሲመጣ በዘበኛ ቤቱ ውስጥ ምድጃ እንደነደደ፣ በሩ እንደተዘጋ፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ተዝለፍልፎ ነው ያገኘው። ኦክስጅን ተደርጎለት ትንሽ ነቃ ሲል፣ የመጀመሪያ ሥራው መቆጣት ሆነ።

"ምን አድርጋችሁ ቀሰቀሳችሁኝ? ከእናቴ ጉያ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።" ከዚያ ግንባሩን ያዘ። "ራሴን ግን ይፈልጠኛል።"

"ተመስገን በል" አለችው ሐኪሟ፣ ካርዱ ላይ እየጻፈች። "ጭሱ መውጫ ሲያጣ አየሩ ይመረዛል። ሽታ የለው፣ መልክ የለው። እያባበለ ነው የሚገድለው። ሩብ ሰዓት ብትቆይ አትነሳም ነበር።"

ነርሷ የሰውየውን ትራስ እያስተካከለች ፈገግ አለች። ሰው የበሽተኛ ቤት ይመረምራል እንጂ የገዛ ቤቱን አይመረምርም።

"እኛ ቤትም በገና እንዲሁ ነበር የምንተኛው" አለቻት ለሐኪሟ። "የሞት እንቅልፍ ነው የምልሽ። አባቴ የጭስ ማውጫውን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ..."

አልጨረሰችውም። ትራሱን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ሐኪሟም መጻፏን አቆመች።

"ማን ነበር የሚቀሰቅሳችሁ?"

"እናቴ።"

"ዛሬስ?"

ነርሷ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ቀና አለች። ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ይላል።

የወንድሟን ስልክ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። የሚስቱንም፣ የአባቷንም ሞከረች፤ ወፍ የለም። ሦስቱም ስልኮች አንድ መሳቢያ ውስጥ ተደርድረው ሲንጫጩ ታያት። የጎረቤቶቹን ቁጥር የምታውቀው ደግሞ እናቷ ብቻ ነበረች። ሹፌሩ ደጅ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር። እየሮጠች መጥታ እጁን ስትይዘው ምንም አልጠየቃትም፣ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሞተሩን አስነሳ።

መንገዱ ጭር ብሏል። ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ አንዲት ልጅ አዲስ ብስክሌት ከአባቷ ጋር ትለማመዳለች፣ ከየቤቱ ጣሪያ ጭስ ይወጣል። ነርሷ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ነበር። በስምንት ሰዓት ተኝተው ከሆነ አርባ ደቂቃ አልፏል፤ እስክትደርስ ሰዓት ይሞላል። እናቷ ሳህን ለማጠብ ስንት ደቂቃ ይፈጅባት ነበር? ግማሽ ሰዓት? በዚህ ዕድሜዋ ያን አለማወቋ አንገበገባት። ምን ያህል ሳህን እንደነበር እንኳ አታውቅም፤ አንድ ቀን አላጠበችማ።

"የወንድሜ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው" አለችው ሹፌሩን።

"እንደርሳለን" አላት እሱ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ቤታቸው በመንገዱ ማብቂያ ነው። የአባቷን ቤት ጣሪያ ከሩቅ አየችው። ከዚያ ጣሪያ ብቻ ጭስ አይወጣም።

የፊት በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ደበደበች፣ ተጣራች፣ መልስ የለም። የሳሎኑም መስኮት በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ብየዳው የአባቷ ነውና በእጅ አይነቃነቅም። በጓሮ ዞረው ሁልጊዜ ክፍት በሆነው የኩሽና በር ገቡ። የምሳው ሳህን እንደተከመረ ነው፣ ማንም አልነካውም። ወደ ሳሎን የሚያስገባው በር ተገፋ፣ እምቢ አለ። ዛሬ ከኩሽና የሚመጣ ስለሌለ ይህም በር ከሥሩ ምንጣፍ ተወትፎበታል። ሹፌሩ በትከሻው ሁለቴ ገጨው፣ በሦስተኛው ተበረገደ።

ሙቀቱ ሲቀበላት ያ የልጅነት ደስታ እንዳለ መጣባት፤ እዚያው ጋደም ማለት አማራት። አፍራ አታውቅም እንደዚያች ቅጽበት። አራቱም ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ስምንት እግር ግራጫ ካልሲ ለብሶ ተደርድሯል። የአባቷ አፍ ፈገግ እንዳለ ነው። ልጅቷ ከሁሉም ለምድጃው ቀርባ ተኝታለች።

"ትንፋሽሽን ያዢ" አላት ሹፌሩ።

መስኮቱን ከፈተችው፤ ወለል አድርጋ፣ እስከ መጨረሻው። እሱ ልጅቷን አንስቶ በኩሽናው በኩል ወጣ። ነርሷ ወንድሟን በብብቱ ይዛ ጎተተች፣ እንደ ጆንያ። ከዚያ ሹፌሩ የወንድሟን ሚስት ለማውጣት ተመለሰ። ሚስትየው ደጅ እንደደረሰች አቃሰተች፣ ወንድምየውም አስታወከ። ልጅቷ ግን ጓሮው ላይ እንደ ጨርቅ ተዘርግታ ዝም አለች።

ሹፌሩ የኦክስጅኑን ጭምብል ፊቷ ላይ አደረገ። ነርሷ ስሟን ጠራች፣ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ደረቷን በጉልበት አሸችው። ምንም። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ እግዚአብሔርን ሳይሆን እናቷን ነበር የምትለምነው። ምን እንዳደረገች ሳታውቀው ከውሃው ቧንቧ ሥር ያለው ባልዲ ውስጥ ሁለት እጇን እስከ ክርኗ ነከረችና የልጅቷን ጉንጭ ግራና ቀኝ ያዘች።

የልጅቷ ግንባር ተቋጠረ።

"ይበርደኛል" አለች።

ነርሷ እንባዋ ወረደ። ጉንጯን አልለቀቀችም። ልጅቷም ዓይኗን ሳትገልጥ ተነጫነጨች፣ እጇን ገፍታ ጣለችው።

በመስኮቱ አየር የነቃውን አባትየውን በመጨረሻ ሹፌሩ ደግፎ አወጣው። የኩሽናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ። የተከፈተውን በር፣ ከዚያ ባሻገር መስኮቱን፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ የቆመውን ቧንቧ ተመለከተ። ሽማግሌ ቢሆንም በያጅ ነው፤ ጭስ በየት እንደሚሄድ ማንም አያስረዳውም።

"እስከ መጨረሻው ነው የዘጋሁት" አለ። "በየዓመቱ።"

"ለጊዜው አትናገር፣ አባዬ። ዝም ብለህ ተንፍስ።"

"ወይዘሮ ንፋስ ነበር የምላት።" ወደ ነርሷ ዞረ። "ታውቅ ነበር? ልጄ፣ እናትሽ ታውቅ ነበር?"

ነርሷ አንድም ቀን መስኮቱን ለምን እንደምትከፍተው ጠይቃት አታውቅም።

ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ ሳህኖቹን በበሩ ያይ ነበር።

"በጣም ደስ የሚል እንቅልፍ ነበር" አለች ልጅቷ ከጭምብሉ ሥር፣ ለአባቷ ስሞታ መሆኑ ነው። "አክስቴ አበላሸችው።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች ነርሷ። ብርድ ልብስ አለበሰቻትና ጉንጯን ደግማ ዳሰሰች፤ ልጅቷም ደግማ እጇን ገፋችው። ነርሷ የእናቷን እጅ ስንት ጊዜ እንዲህ ገፍታ እንደነበር በልቧ መቁጠር ጀመረች። አሥራ አንደኛው ገና ላይ ስትደርስ ሹፌሩ የአምቡላንሱን በር ከፍቶ ግቡ አላቸው።