የወንድ ፓፓያ አበባ

ቃሲም አበባ ይዞ የገባ ዕለት መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሰው ሞቷል የሚል ነው። በእኛ በከሚሴ አበባ የሚታየው ሙሽራ መኪና ላይ ነው፤ ከላይ ባለሥልጣን ሲመጣ ደግሞ አንዲት ተማሪ እቅፍ አበባ ታቀርባለች፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም መቃብር ላይ ያኖራሉ። ባል ለሚስቱ ሲሰጥ ግን አላየሁም። የእኔው ባል በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ሽንኩርት፣ ስኳር፣ የላስቲክ ጫማ፣ አንዴም ሬዲዮ አምጥቶልኛል። አበባ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ እንኳ ሰምቼ አላውቅም።

ክንድ የሚያህል ረጅም ዘለላ ነው። ጥቃቅን ነጫጭ አበቦች ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥለውበታል፤ ሽታውም ደስ ይላል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚያቀብል በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ላንቺ ነው፣ ዘይና» አለ። የሚቀጥል ነገር ያለው መስሎኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ሊያልፈኝ ነው ብሎ ወደ መስጊድ ወጣ።

ይህ የሆነው ረቡዕ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እናቱ እማ ሀዲጃ ሊመጡ ቀጠሮ አለን። የሚመጡት ደግሞ ለልጃቸው ያሰቧትን ሁለተኛ ሚስት ስም ይዘው ነው፤ እኔ አልወለድኩማ። እኔም ለቃሲም ቁርጡን ነግሬዋለሁ፤ ጣውንት በበሩ ስትገባ እኔ በዚያው በር ወጥቼ ሰንበቴ ከተማ፣ ወንድሜ ዘይኑ ቤት እገባለሁ። እሺም እምቢም አላለኝም። ቃሲም በግ እንኳ ሲገዛ ዋጋ ሳይናገር የሚገዛ ሰው ነው። ስለዚህ አበባው መልሱ መሆኑ ገባኝ። ምን የሚል መልስ እንደሆነ ግን ግራ ገባኝ። ስንብት ነው? ይቅርታ ነው? ወይስ ለአዲሷ ሙሽራ ከታሰበው ላይ ቀንሶልኝ ነው? ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፤ እሱ እቴ፣ ያንኮራፋል።

ሐሙስ ጠዋት አበባውን ውኃ ባለበት የዘይት ጄሪካን ቁራጭ ውስጥ አድርጌ ገበያ ወሰድኩት። ሻሽና ሽርጥ የምሸጥባት ደረቴን የምታህል ሱቅ አለችኝ። አጠገቤ አመልማል በመኪናዋ ልብስ ትሰፋለች። እሷ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ስለምታይ የአዲስ አበባን ነገር ሁሉ የምታውቅ ይመስላታል። ነጭ አበባ የንጹሕ ፍቅር ምልክት ነው፣ አንቺን የመሰለ የለም ማለቱ ነው፣ ዓርብ እናቱን መልሶ ይሸኛቸዋል ብላ ፈረደች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለመጀመሪያዋ ገዢ ሳትከራከረኝ ቀነስኩላት።

ከሰዓት ከጨፋ የመጡ አንዲት ሴትዮ «አካም ጅርታ» ብለው ሰላምታ ሰጥተውኝ ሻሽ ሲመርጡ ቆዩና ዓይናቸው አበባው ላይ ወደቀ። ይሄን ደግሞ ማን ውኃ ውስጥ አኖረው ብለው ሳቁ። «የወንድ ፓፓያ እኮ ነው። አበባ በአበባ ይሆናል፣ ፍሬ የለውም። እኛ ቆርጠን ነው የምንጥለው።»

የአመልማል መኪና ቀጥ አለ። ልጅ እንደሌለኝ የማያውቅ የገበያ ሰው የለም፤ ሴትዮዋ ግን አላወቁም፣ ሻሻቸውን ከፍለው ሄዱ። ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት ያልተናገረ ሰው የመጀመሪያ ንግግሩ ይሄ ነው? ሱቁን ለአመልማል ትቼ ባጃጅ ተሳፈርኩና ወደ ማሳው ወረድኩ።

የቃሲም ማሳ ከከተማ ወጣ ብሎ ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ሽንኩርትና ፓፓያ በመስኖ ያለማል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ እግሬ እዚያ የሚረግጠው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ሴቶቹ ፓፓያዎች ፍሬያቸውን አንገታቸው ላይ ተሸክመው ቆመዋል። ቦዩ ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ ብቻውን ያለ ፓፓያ አየሁ፤ ያ ነጭ ዘለላ ብቻ ተንዠርግጎበታል። ሌሎቹ ወንዶች ተቆርጠው ጉቷቸው ቀርቷል። ያንን ብቻ ሳይነካ ትቶታል። ይህን ሳይ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበብኝ፣ ይበልጥም አናደደኝ።

ቃሲም ውኃ እየመለሰ ነበር። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ አፈጠጥኩበት። «ባትወልጂም ሳልቆርጥሽ አቆይቼሻለሁ፣ አመስግኚኝ ለማለት ነው?»

አካፋው ከእጁ ወደቀ። የምሬን መሆኑን ለማወቅ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«አንቺን? ዘይና፣ ወንዱ እኮ እኔ ነኝ።»

ወዲያው አልገባኝም። እዚያው ቦዩ ዳር ተቀምጦ፣ እያቆራረጠ ነገረኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት ደሴ ሄጄ ተመርምሬ ጤነኛ ነሽ ስባል፣ እሱ ወንድ ልጅ ለዚህ አይመረመርም ብሎ እምቢ ብሎ ነበር። ዘንድሮ ግን ሽንኩርት ልሸጥ ነው ብሎኝ ደሴ ሄዶ ተመርምሯል። ሐኪሙ ልጅ ሊኖርህ አይችልም ብሎታል። ሊነግረኝ ሲል ምላሱ እየተሳሰረበት ቆየ። አበባውን ካየሽው ይገባሻል ብዬ ነው አለኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «ትተሽኝ ብትሄጂም ወላሂ አልፈርድብሽም» አለ።

መጀመሪያ ደስታ ነው የተሰማኝ፣ አልዋሽም። እኔ አይደለሁም! ጤነኛ ነሽ ብባልም፣ ሰው ሁሉ እሷ ናት ሲል እኔም አምኜ ነበር። ደስታውን ሳላጣጥመው ንዴት ተከተለው፤ ያ ሁሉ የመረረ ሥር የጠጣሁት፣ ያ ሁሉ ዱዓ ያስደረግሁት፣ ያ ሁሉ የሰርግ ቤት አሽሙር። በላዩ ላይ ደግሞ ጭቃ ላይ የተቀመጠው ባሌ አሳዘነኝ። የቱን ላስቀድም? ልጩህበት ወይስ ላቅፈው? መቼ ነው ያወቅከው አልኩት። ከረመዳን በፊት አለኝ። በዒዱ ቀን እናቱ እንግዳ ፊት ይህቺ ደረቅ እንጨት ሲሉኝ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር፤ ያን ጊዜ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ላቅፈው የተዘረጋውን እጄን መለስኩት።

«ነገ ለእናትህ ትነግራቸዋለህ። በአበባ ሳይሆን በአፍህ» አልኩት።

ዓርብ እማ ሀዲጃ ደስ ብሏቸው መጡ። ገና ከመቀመጣቸው ልጅቷ ሙሚና እንደምትባል፣ ቤተሰቧ ዘረ ብዙ እንደሆነ ይዘረዝሩ ጀመር። ቃሲም ግንባሩን አላበው። ዝም ሊል ነው አልኩ በልቤ። ዝም ቢል ያኔውኑ እወጣ ነበር፣ ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ።

«እማ፣ የማልወልደው እኔ ነኝ። ሐኪም ነው የነገረኝ። ሙሚናንም በከንቱ አታስሪያት» አለ።

«ማል ጄታ? ምንድነው የምትለው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ምን አብልተሽው ነው ብለው ጮኹብኝ። ቃሲም ደገመላቸው፤ ደሴን፣ ሐኪሙን፣ የእኔን ጤነኛነት፣ ሁሉንም፣ ቀስ ብሎ። እንዲያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እማ ሀዲጃ «ሱብሃነላህ!» አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት ሁሉ ረገፈ፤ ድንገት ያረጁ መሰለኝ።

ከዚያ እጄን ያዙኝ። እስከዚያ ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፣ «ያቺ» ነው የሚሉኝ።

«ዘይናዬ፣ ልጄን ትተሽው ትሄጃለሽ እንዴ?»

ቃሲም ግድግዳውን ተደግፎ ያየኛል። ገና ሠላሳዬን ማለፌ ነው፤ ሌላ ባገባ እወልዳለሁ። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እሱም ያውቃል። እኔ ግን በዚህ ቤት የኖርኩት እንዳያስወጡኝ እየለመንኩ ነው። ሻንጣ ያዘጋጀሁትም ጣውንት ከገፋችኝ ብዬ ነው፤ መሄድና መቅረቱ በእጄ ይገባል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ ስለማላውቅ፣ መልስ አላዘጋጀሁም።

«አላውቅም፣ እማ» አልኳቸው። እጄን ግን አልቀማኋቸውም።