የሠላሳ አንደኛው ቀን ፊርማ

ቬርና ዛስትሮ ቅዳሜ ጠዋት የቀን መቁጠሪያውን ስታይ ክው አለች። ባሏ ኤልሮይ ከወረቀት ፋብሪካው በጡረታ ከወጣ ሠላሳ አንድ ቀን ሞላው። ፋብሪካው ለሠራተኛው ሁሉ በጅምላ የገባው የሕይወት ኢንሹራንስ ወደ ኤልሮይ የግል ውል የሚዞረው፣ የማዞሪያው ቅጽ ተፈርሞ እስከ ዛሬ ፖስታ ቤት ከገባ ብቻ ነው። በጊዜው ከላከ ስለ ጤናው ማንም አይጠይቀውም። ቀኑ ካለፈበት ግን ሐኪም ይመረምረዋል፤ አምና ልቡን ሁለቴ ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ሰው ደግሞ የትኛውም ኢንሹራንስ ዞር ብሎ አያየውም። እሱ አንድ ነገር ቢሆን ቬርና ባዶ እጇን ቀረች ማለት ነው።

ሰውዬው ግን ዛሬ ነገ ሲል ከርሞ ሐይቁ ላይ ሄዷል። የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ወንድ የበረዶውን ወራት የሚገፋው እንዲህ ነው፤ በረዶ የሆነውን ሐይቅ ይበሳል፣ ቀዳዳው ላይ ጎጆ ያቆማል፣ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥና ዓሣ ይጠብቃል። ስልኩን ኩሽና ጥሎታል። ቅጹን «ከማይጠፋብኝ ቦታ አስቀምጬዋለሁ» ብሏት ነበር። ኤልሮይ በዕድሜው ጠፍቶበት የማያውቅ ነገር ደግሞ አንድ የመንጠቆ ሳጥኑ ብቻ ነው!

ፖስታ ቤቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቬርና የመጀመሪያውን ክፍያ ቼክ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እየነዳች ሐይቁ ዳር ደረሰች። በስልሳ ዓመቷ በረዶው ላይ እግሯን አኑራ አታውቅም። በልጅነቷ በረዶው ተሰብሮ አጎቷ ከነመኪናው ገብቶበታል፤ እሱ ተጎትቶ ወጣ፣ መኪናው ግን እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

«ይህን ሰው ልቡ ሳይሆን እኔ ነኝ የምገድለው» አለችና ረገጠችው። በረዶው ከሥሯ ሲያጉረመርም እሷም መልሳ አጉረመረመችበት።

የጎጆውን በር ስትከፍት ኤልሮይ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ቬርና? ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«ቤቱ ደህና ነው፤ የምታቃጥለኝ አንተ ነህ! ቅጹን አምጣ!»

ቅጹ ከመንጠቆዎቹ ሥር ወጣ። ከላይ እስከ ታች ጥንቅቅ ብሎ ተሞልቷል፤ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው።

«ሁሉን ሞልተህ ፊርማው ከበደህ?»

ኤልሮይ አቀረቀረ። «ሠላሳ አራት ዓመት ከፋብሪካው ልጆች ጋር አንድ ላይ ነበርኩ። እዚህ ላይ ከፈረምኩ ብቻዬን ነኝ። በቃ፣ ከፋብሪካው ወጣሁ ማለት ነው።»

«ወጥተሃል እኮ! የመሸኛውን ኬክ ታዲያ ማን በላው?» አለችው። ወር ሙሉ ግን ስንፍና መስሏት ነበር የነዘነዘችው። «ብቻዬን ትላለህ ደግሞ። እኔ ምንህ ነኝ፣ የዓሣ ምግብ?»

እስክሪብቶው በብርድ ደርቆ አልጽፍ አለ። ቬርና ከካፖርቷ ሥር ብብቷ ውስጥ ከታ አሞቀችውና ኤልሮይ በተገለበጠው ባልዲ ላይ ፈረመ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ፖስታ ቤት ደረሱ። የፖስታ ቤቷ ማርሊስ ቅጹና ቼኩ ያለበትን ፖስታ ተቀብላ አሸተተችው።

«ምነው ዓሣ ዓሣ አለኝ?»

«ዝም ብለሽ ምቺው፤ ቀኑ ደግሞ በደንብ ይነበብ» አለቻት ቬርና። ማርሊስ ማኅተሟን ጧ አደረገችው።

መኪናው ውስጥ ሲገቡ ኤልሮይ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ ብሞትም አያሳስበኝም።»

«አፍህን ዝጋ! ዕድሜ ልኬን ፈርቼው ዛሬ ገና በበረዶ ላይ መሄድ ጀመርኩ። አንተ ሞተህ ከማን ጋር ልሄድ ነው?»

ኤልሮይ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ከነዳ በኋላ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ፈንታ ወደ ዕቃ መደብሩ ታጠፈ።

«ወዴት ነው?»

«ሁለተኛ ባልዲ ልገዛ» አላት።