የፊተኛው ወንበር

ሮይስ ያን ጠዋትም እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን በሹካው መታ።

"ትሬቨር ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ አራት ምት አለው! ጥሩ ነው፣ ማን ይክዳል? ግን ሦስት ሺህ አይደለም። ሦስት ሺህ ያልሞላ ሰው የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ይቅር!"

"አባቱ ፊትህ ተቀምጦ?" አለችው ዶና፣ የቁርስ ቤቱ አስተናጋጅ፣ ቡናውን እየሞላችለት።

"እሱ ስላለ ነው እንጂ ከዚህ የባሰ እናገር ነበር።"

ዌንዴል ክራትዝ ሳቀ። ከሮይስ ጋር ሠላሳ ዓመት ጎማ ፋብሪካ ውስጥ አብረው ሠርተዋል፤ የኦሃዮ ሰው ደግሞ በቤዝቦል ክርክር የእናቱን ልጅም አይምርም። የዌንዴል ልጅ ትሬቨር ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ገና እየተጫወተ፣ ገና ላቡ ሳይደርቅ፣ ሥራ ፈቱ ሁሉ "ይገባዋል፣ አይገባውም" እያለ አጥንቱን ይቆጥርለታል።

ዌንዴልን እንቅልፍ የነሣው ግን የምቱ ቁጥር አልነበረም። ተጫዋች ጨዋታ ካቆመ በኋላ አምስት ዓመት ካልሞላው አዳራሹ ለመግባት ስሙ ለድምፅ አይቀርብም። የልብ ሐኪሙ ደግሞ በጸደይ ወራት፣ "መድኃኒትህን ካላቋረጥክ፣ ቢበዛ ስድስት ዓመት" ብሎታል። ትሬቨር ዘንድሮ ቢያቆም ዌንዴል ለጥቂት ይደርሳል። አዳራሹ ያለበት ኩፐርስታውን ሄዶ፣ ሣሩ ላይ ከሚደረደሩት ወንበሮች በፊተኛው ተቀምጦ፣ ልጁ ስሙ ሲጠራ ያያል። ሁለት ዓመት ከጨመረ ግን አይደርስም።

ለልጁ መንገር አልሆነለትም። ቢነግረው ያኑ ዕለት ዱላውን ይጥላል። ከዚያ የሚመርጡት ጋዜጠኞች ምቱ ጎደለ ብለው ፊት ቢነሡት፣ ያስቀረው አባቱ ነው ማለት ነው። ትሬቨር በገዛ ፈቃዱ "በቃኝ" እንዲል ነበር ምኞቱ። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የስፖርት ሬዲዮው ስለ ልጁ ሲያወራ፣ ስልኩን አነሣ።

"መስመር ላይ ማን አለ?" አለ አዘጋጁ።

"ሃል እባላለሁ፣ ከዴይተን" ብሎ ዋሸ። "ክራትዝ የሚገባውን ሠርቷል። የማይመርጠው ዕውር ነው። ያቁምና ይረፍ።"

"ሦስት ሺህ ሳይሞላ? ተው እንጂ ወዳጄ! ሁለት ዓመት ይጨምርና ያኔ እንነጋገራለን።"

የዌንዴል ደም ፈላ። "አንተ ምን ታውቃለህ! ይህ ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ ከጋራዡ ጀርባ በመጥረጊያ እንጨት የጠርሙስ ክዳን ሲመታ እጁ ይደማ ነበር! በዝናብ! በቃህ ግባ ቢሉት እንኳ..." እንባው ቀደመው። አዘጋጁ ሳቀና መስመሩን ቆረጠው። ዌንዴል በሰው ስም ሬዲዮ ላይ ማልቀሱ አሳፍሮት እስኪመሽ ከቤት አልወጣም።

በሦስተኛው ቀን ትሬቨር ደወለ።

"እሺ ሃል፣ ዴይተን እንዴት ነው?"

"የምን ሃል?" አለ ዌንዴል።

"አባዬ፣ ያንን ክዳን ስትወረውርልኝ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ሌላ ማን ያውቃል? መኪና ውስጥ ሆኜ ሰማሁህ። ስታለቅስ ሰማሁህ።"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

"እሺ፣ ጉንፋን ነው። ስማኝማ፣ ላቆም ነበር። ጉልበቴ አልቋል፣ ለሚስቴም ነግሬያት ነበር። አንተን ከሰማሁ በኋላ ግን አስቻለኝ? ዛሬ ጠዋት ለሁለት ዓመት ፈረምኩ! ሦስት ሺህን እሞላታለሁ። ከእንግዲህ ማንም አፉን አይከፍትብህም። የፊተኛው ወንበር ያንተ ነው፣ ሰማህ?"

ላቆም ነበር አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዌንዴል ዝም ቢል ኖሮ፣ አርፎ ቢቀመጥ ኖሮ፣ የለመነው ሁሉ ተሰጥቶት ነበር። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ልጁ ግን በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ እየሳቀ ነበር፤ እንዲህ ሲስቅ ከሰማው ዓመታት አልፈዋል። አሁን ቢነግረው ደግሞ፣ ለአባቱ ብሎ የፈረመው ፊርማ አባቱን የፊተኛውን ወንበር እንዳሳጣው ዕድሜውን ሙሉ ሲያስብ ይኖራል።

"ደግ አደረግህ፣ ልጄ" አለ።

በማግስቱ ሮይስ ጋዜጣውን እያውለበለበ ቁርስ ቤት ገባ።

"ተሸነፍኩ! ዶና፣ የዚህን ሽማግሌ ቁርስ እኔ ነኝ የምከፍለው! ሁለት ዓመት ከተጨመረ ምን ክርክር አለ? ሦስት ሺህ በእጁ ነው።" ከዌንዴል ፊት ለፊት ዘፍ ብሎ ተቀመጠና በጣቶቹ ቆጠረ። "ሁለት፣ ከዚያ አምስት። በሰባት ዓመት ኩፐርስታውን ነን! መኪናውን እኔ እነዳለሁ፣ አንተ እንቅልፍህን ትለጥጣለህ።"

ዌንዴል እንቁላሉን በሹካው ወዲያ ወዲህ ገፋው።

"አንተ ሂድለት" አለ። "ከፊት ተቀመጥ፣ እንዲያይህ።"

"ሰማሽው ዶና? ገና ከአሁኑ መንገዱ ሰለቸው!" አለ ሮይስ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገው፣ እየሳቀ።