ዓይኗ ይቃናል

እኔ የብረት በር ሠሪ ነኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ ካሉት በሮች ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የቀረውን ግማሽ ሌሎች አበላሽተው ሠርተውት እኔ አቃንቼዋለሁ። ሰፈርተኛው ግን ወሬዬን አያምንም። ስሜን ትተው «ሲካፈል ለሁለት» ነው የሚሉኝ። መቶ በር ሠራሁ ካልኩ፣ ሃምሳ ነው ይላሉ። ቅናት ነው! (እርግጥ ሠላሳ ነበር።)

በሕይወቴ ሳወራ እያሳነስኩ የኖርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጄን ዓይን።

ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። አሥር ከአሥር አግኝታ ደብተሯን ልታሳየኝ ወርክሾፑ ውስጥ ሮጣ ገባች። እኔ ላንድ ደንበኛ እየፎከርኩ ቱቦላሬ ብረት እቆርጣለሁ። «የመቁረጫውን መከለያ የሚጠቀም ፈሪ ነው፤ እኔ ነቅዬ ጥዬዋለሁ!» እያልኩ። ፍንጣሪው እኔን አልነካኝም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ትንሽ ነገር ገብቶባት ነው» እላለሁ። ትንሽ ነገር! ግራ ዓይኗ ከዚያ ቀን ወዲህ ብርሃን አይቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ዓይኑ ቦታው ላይ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ቀስ እያለ ወደ ውጭ ሸሸ። ቀኙ እኔን ሲያይ ግራው ግድግዳውን ያያል። ዛሬ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አስተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ «አንተ፣ ተነስ» ስትል ሁለት ልጆች ይነሳሉ። ይህን የምትነግረን እየሳቀች ነው። እናቷ ትስቃለች። እኔም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ እስቃለሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ምንም ያልጎበጠ ብረት እቀጠቅጣለሁ።

አንድ ቀን «ልታከመው ነው» አለችና አብሬያት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በትንሽ ባትሪ እያበራች መረመረቻትና ወደ እኔ ዞር አለች።

«አይጨነቁ ጋሼ፤ በቀዶ ሕክምና ዓይኗ ይቃናል።»

ይቃናል! ይህማ የእኔ ቃል ነው። በእኛ ሥራ የተቃና በር ማለት የሚከፈት፣ የሚዘጋ፣ የሚቆለፍ በር ነው። ተቃንቶ የማይሠራ በር የት ታይቶ ያውቃል? ሐኪሟ ገና ንግግሯን አልጨረሰችም፤ እኔ ግን ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። ተመልሼ እስክገባ ሚስቴ፣ ሁለቱ ወንድሞቿና ብረት የማመጣበት ነጋዴ ልጄ በሁለት ዓይኗ ልታይ መሆኑን ሰምተዋል።

«እህሳ፣ ሲካፈል ለሁለት!» አለኝ ሰፈር ስንመለስ ጎረቤቴ አናጺው። «ስንት ዓይን ሊደርሳት ነው?»

«ሁለት! ይሄኛው አይካፈልም!»

ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ፊቴን ሲያየው ተወው።

ልጄ ይህን ሁሉ እየሰማች አላረመችኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምሳ ላይ፣ «አባዬ፣ እኔ እኮ ተማሪዎቼን ፊት ለፊት ላያቸው ብዬ ነው» አለችኝ።

«ታያቸዋለሽ! የጫማ ክራቸው ቋጠሮ ሳይቀር!»

እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱ የምትልህን ስማ እንጂ!»

«ሰምቻለሁ!» አልኩ። አልሰማሁም።

ቀዶ ሕክምናው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ለሰው ስናገር አምስት ሰዓት ነው የምለው። ሐኪሟ ስትወጣ ዘልዬ ተነሳሁ።

«ጥሩ ሆኗል ጋሼ። አንዱን ጡንቻ አላላነው፣ ሌላውን አጠበቅነው፤ ዓይኑ ቀጥ ብሏል።»

«እና ማየት የሚጀምረው መቼ ነው?»

ጭንብሏን ከአፏ ላይ አወረደች። «ለእሷ በደንብ ነግሬያት ነበር እኮ። ያ ዓይን አያይም ጋሼ። የሸሸውም ስለማያይ ነው፤ የሚያየው ያጣ ዓይን ቦታውን አይጠብቅም። እኛ ወደ ቦታው መለስነው። ብርሃኑን ግን ማንም አይመልሰውም።»

«ይቃናል ብለሽኝ?»

«ተቃንቷል» አለችኝ በቀስታ።

ፊት ለፊቴ ያለው በር ማጠፊያው ላይ ሁለት ብሎን ጎድሎታል። እሱን ሳይ ቆየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ተነሳ። እናቷ የዓይን ጠብታ ልታመጣ ስትወጣ እኔ ገባሁ። የዓይኗ ነጭ ቀልቷል፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ግን ቀጥ ብለው ወደ እኔ ዞረዋል። ለዓመታት ያ ዓይን ከእኔ ላይ ዘወር ብሎልኝ ነበር። አሁን ፊቴ ላይ አርፏል። አያየኝም።

«እንዴት ነኝ፣ አባዬ?»

«ንግሥት!»

ፊቴን አየች። ሐኪሟ እውነቱን ለእኔም መንገሯን አታውቅም፤ አሁንም ተስፋ የማደርግ ነው የሚመስላት። መዳፏን አነሳችና ደህናውን ዓይኗን ሸፈነችው።

«በል ፈትነኝ፤ ስንት ጣት ነው?»

ሁለቱም እጆቼ ኮት ኪሴ ውስጥ ነበሩ። አላወጣኋቸውም።

«ስንት ነው?» አልኳት።

«ሦስት።»

«ልክ ነሽ!»

ፈገግ አለች። መዳፏን አላነሳችም፤ እኔም ቶሎ እንዳታነሳው በልቤ ለመንኩ። እንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ ነበር።

«ድገመኝ» አለች።

«አሁንስ?»

«አምስት።»

«አምስት ነው፣ የኔ እናት» አልኳት፤ ድምፄ እንዳይሰበር ጮክ ብዬ።