የክኒን ዊጆ

ቁጡ ነሽ ይሉኛል፤ አልዋሹም። ከጊምቢቹ ወረድ ብሎ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የምከታተለው እኔ ነኝ። መድኃኒቱ መምጣት ሲያቆም፣ በእጄ ያለችው ለሁሉም እንድትዳረስ ብዬ ለአንድ ሰው አስር አስር ክኒን እየሰጠሁ ለወር መቅጠር ጀመርኩ። ክኒኑ በየማታው አንድ የሚዋጥ ነው። የግል ፋርማሲዎቹም ቢጠየቁ «የለም» ነው መልሳቸው።

እናም ጠብ ጠበቅኩ። አንዳንዱ ተጣላኝም፤ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ የሄደም አለ። ከገበያው ማዶ የሚመጡት ሦስት ሴቶች ግን ድርሻቸውን ተቀብለው፣ «እግዚአብሔር ይባርክሽ ሲስተር» ብለው ይሄዳሉ። ለኃላፊያችን ለሶፎንያስ፣ «እንደነሱ ያለ ታካሚ ያብዛልኝ» አልኩት። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛውን አስር ክኒን በሰጠኋቸው ሳምንት፣ ከሦስቱ ሴቶች የአንዷን፣ ለልጃቸው ክኒን የሚወስዱትን የእትዬ ገነቴን ልጅ ሐዳሳን በባጃጅ አመጡልኝ። ጎመን ስትቀቅል ጥሏት፣ ክንዷ እሳት ውስጥ ገብቶ ነበር። ሐዳሳ ገና ሃያ ያልሞላት፣ ቤተ ክርስቲያን የምትዘምር ልጅ ናት። መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ወድቃ አታውቅም ነበር። ቁስሏን አጥቤ ሸፈንኩላት።

«ያ የሰጠሁዎት ክኒን የት ሄደ? ሳምንት እንኳ አልሞላውም» አልኳቸው እናትየውን።

«ተራችን አልደረሰም» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የምን ተራ?»

«የዊጆው ነዋ።»

ዊጆ በእኛ አገር የሴቶች የቅቤ ዕቁብ ነው። የአንዲት ሴት የሳምንት ቅቤ ገበያ የሚወጣ ነገር አይሆንም። ስለዚህ ሁሉም ያላትን ታዋጣና አንዷ ጠቅልላ ትወስዳለች፤ በሚቀጥለው ደግሞ ሌላዋ። እትዬ ገነቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የዊጆ ዳኛ ናቸው። የአንድ ሰው ክኒን ወር እንደማይሞላ፣ የሦስት ሰው ግን ልክ ወር እንደሚሞላ አዩ። ሦስቱም ከጤና ጣቢያው በር ሳይርቁ ተስማሙ። መጀመሪያ ሂሩት ወሰደች። እሷ አሁን አዲስ አበባ ወንድሟ ዘንድ ሄዳለች፤ የሁለተኛውን ወር ድርሻዋን ግን አዋጥታ ነው የሄደችው፣ ዊጆ በልቶ መጥፋት ነውር ነውና። ሁለተኛዋ ተረኛ ማራኪ ናት። ሐዳሳ መጨረሻ ሆነች፤ ዳኛ የገዛ ልጁን ካስቀደመ ይታማል።

ይሄን ስሰማ ደሜ ፈላ። «እትዬ ገነቴ፣ ይሄ እኮ ቅቤ አይደለም። መድኃኒቱ ድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶበት ነው የሚመለሰው። ለመሆኑ እንዲህ አድርጉ ያላችሁ ማን ነው?»

«አንቺ» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም። «የአስር ቀን ሰጥተሽ ለወር ቀጠርሽን። ቀሪውን እንዴት እንሁን ስንልሽ፣ አብቃቁት አልሽ። እኛም አብቃቃነው።»

አብቃቁት ማለቴን አስታወስኩ። እንዴት እንደሚብቃቃ ግን አልነገርኳቸውም፤ እኔስ መች አውቄው። አፈርኩ።

መድኃኒት ክፍላችን ውስጥ አንድ ፍሬ አልቀረም። ሐዳሳን ለሶፎንያስ አደራ ብዬ ማራኪ ቤት ለመሄድ ተነሣሁ። እትዬ ገነቴ ቤቱን ሊያሳዩኝ መጡ እንጂ ከአጥሩ አላለፉም። «የሰጡትን ዊጆ መልሺ ማለት በእኛ ዘንድ የለም። አንቺ ግቢ» አሉኝ።

ማራኪ ደጃፏ ላይ ሕፃን ልጇን በሳፋ ታጥባለች። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ተመልከቺኝማ ሲስተር፤ ብቻዬን እኮ ነው የማጥበው። ከእጄ ይወድቃል ብዬ እየፈራሁ፣ ከተወለደ ጀምሮ ያለ ሰው ነክቼው አላውቅም። ይኼን ሳምንት ግን ደህና ነኝ።»

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ንግግር ሁሉ ተውኩት። እንደምንም የሐዳሳን ነገር ነገርኳት። ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልላ ታቀፈችና ወደ ውስጥ ገብታ ክኒኑን በጨርቅ እንደታሰረ አመጣችው።

«ስንቱን ልስጥሽ?»

«ግማሹን። እንዳይቋረጥብሽ አንቺም ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ ግማሽ ትውጫለሽ።»

«ግማሹ ይይዘኛል?»

አዎ ብዬ መዋሸት አማረኝ። «እኔ እንጃ ማራኪ» አልኳት። «ጨርሶ ከማቆም ግን ይሻላል።»

ክኒኑን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ለሁለት ከፈልኩት። እሷ ስከፍል አላየችኝም፤ የልጇን ጭንቅላት እያደረቀች ነበር። ከዚያ ተነሥታ ወደ አጥሩ ሄደች። እትዬ ገነቴ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

«እትዬ፣ እንግዲህ እሱን ሳጥብ አጠገቤ ሰው ያስፈልገኛል» አለቻቸው። «ነገ ጠዋት ይመጡልኛል?»

እትዬ ገነቴ አጥሩን አልፈው ገቡና ሕፃኑን ተቀበሏት። ደረታቸው ላይ አስጠግተው አቀፉት።

«ነገም እመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያም እመጣለሁ» አሉ። «እስከ መቼ እንደሆነ ግን ሲስተርን ጠይቂያት።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።