በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች በሙሉ

ፔካን ቤልት የሚባለውን የመኪና ኢንሹራንስ እንዳጠና ሐሳቡን ያመጡት ጋሽ መኳንንት ናቸው። ባለፈው ጥቅምት በዕድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ሰው ኢንሹራንሱ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ እንደጨመረበት ጻፈ። ከሥሩ አርባ ሰው ያህል የራሱን ምሬት ደረደረ። ጋሽ መኳንንት በድምፅ መልእክት ገቡ። "ናሆምን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ቁጥር ያስተማርነው ለምን ሆነና? አጥንቶ ይንገረን እንጂ" አሉ። ሰው ሳቀ፤ እኔም እሺ አልኩ።

እሳቸውን እምቢ ማለት አይሆንልኝም። እኔና እናቴ ከናይሮቢ ስንመጣ ኤርፖርት የተቀበሉን እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መንጃ ፈቃድ ስፈተንም በራሳቸው መኪና ወስደውኛል፤ ወድቄ ስወጣ አንድ ነገር ሳይናገሩ በሁለተኛው ሳምንት መልሰው ወሰዱኝ።

ጥናቱ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ፔካን ቤልት የሚሠራው በቴክሳስ፣ በኦክላሆማና በአርካንሳ ብቻ ነው፤ ማስታወቂያው በቴሌቪዥን አይታይም። ለአንድ ዓይነት መኪናና ለአንድ ዓይነት ሾፌር ከአምስት ድርጅቶች ዋጋ ጠየቅሁ። ቴክሳስ ውስጥ፣ ጋሽ መኳንንት ባሉበት በሜስኪት ለሚኖር ሰው ከሁሉም የፔካን ቤልት አነሰ፤ ያነሰውም በትንሹ አይደለም። ሽፋኑን ገጽ በገጽ አነበብኩ። በረዶ ለቀጠቀጠው የመኪና ጣራ ይከፍላል፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጭህም፣ መኪናህን የተዋሰ ሰው ቢያጋጭም ይከፍላል። አገልግሎቱን ለመለካት በተለያየ ሰዓት ስድስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሰው እስኪያነሳ በአማካይ አራት ደቂቃ ጠበቅሁ። አደጋ ደርሶባቸው ካሳ የጠየቁ ሰባት ደንበኞች ፈልጌ አነጋገርኩ። አምስቱ ደስተኞች ናቸው፤ አንዱ ተጓትቶበታል፤ አንዱ ተከልክሏል። የተከለከለውን ምክንያቱን ብጠይቀው "ፎርም ላይ ያልሞላሁት ነገር ነበር" ብሎ ወሬ ቀየረ። ይህንንም በግርጌ ማስታወሻ ጻፍኩት።

ግርጌ ማስታወሻውን ማንም አላነበበውም። ሰው ያነበበው "ዋጋው ጥሩ፣ ሽፋኑ በቂ፣ አገልግሎቱ ከአማካይ በላይ" የሚለውን የመጨረሻ መስመር ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሠላሳ ስድስት ቤተሰብ ወደ ፔካን ቤልት ዞረ። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ላፕቶፔን ይዤ እየተቀመጥኩ ፎርሙን ሞላሁላቸው።

ጋሽ መኳንንት የመጡት በሁለተኛው እሑድ ነበር። ከኋላቸው ሦስት ሰዎች ተሰልፈዋል። ጥያቄዎቹን እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ይመልሳሉ። ሰባተኛው ጥያቄ በቤቱ የሚኖሩ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በሙሉ ይዘርዘሩ ይላል፤ መኪና ነዱም አልነዱም።

"እኔና ምሥራቅ ነና። ልጃችን ገና ስምንት ዓመቷ ነው።"

"አባይነሽስ?" አልኳቸው።

አባይነሽ የባለቤታቸው የእትዬ ምሥራቅ ታናሽ እህት ናት።

"እሷማ እንግዳ ናት" አሉ፤ ወደ ሰልፉ ዞር ብለውም ፈገግ አሉ። "እንግዳም ይጻፋል እንዴ?"

አባይነሽ ያን ጊዜ እነሱ ቤት ከገባች አሥር ወር ሆኗት ነበር። ይህን አውቃለሁ። ለልደት ግብዣ ስሄድ አልጋዋን ከትንሿ ልጅ ክፍል አይቻለሁ፤ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የሚያስለብሳትን ሰማያዊ ልብስም በሩ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ። መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ግን ሰው ፊት አንድን አባወራ "እንግዳዎ ስንት ጊዜዋ ነው?" ማለት፣ ለምን እስካሁን አልሸኟትም እንደማለት ነው። የእንግዳን ቀን ማን ይቆጥራል? ቀጥል የሚለውን ተጫንኩ።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ እየጣለ አባይነሽ የጋሽ መኳንንትን መኪና ይዛ ወደ ሥራ ስትሄድ፣ ከሀይዌይ መውጫው ላይ ከፊቷ የቆመች መኪና ገጨች። እሷን ምንም አልነካት። የተገጨችውን መኪና ስትነዳ የነበረችው ሴት የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። የጋሽ መኳንንት መኪና ፊቱ እንዳልነበር ሆነ። እሳቸው ግሬፕቫይን አንድ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ናቸው፤ ከሜስኪት እዚያ ድረስ ያለ መኪና ማሰብ ከንቱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከፔካን ቤልት ደብዳቤ መጣ። አሽከርካሪዋ በዚያ ቤት የምትኖር ሆና ስሟ ሳይመዘገብ ከቀረ ድርጅቱ ላይከፍል እንደሚችልና ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑን ይገልጻል። ጋሽ መኳንንት ደብዳቤውን በኪሳቸው አጥፈው ሌክ ሃይላንድስ እኛ አፓርታማ መጡ። እናቴ ምሳ አቀረበች፤ አልነኩትም።

"እነዚህ ካልከፈሉ ሴትየዋ እኔን ነው ሱ የምታደርገኝ፣ ፍርድ ቤት የምትገትረኝ" አሉ። "መኪናውም በዚያው ቀረ። እንግዲህ አንድ መላ አለ።"

"ምን?"

"የአባይነሽ መንጃ ፈቃድ ላይ ያለው አድራሻ የዚህ ቤት ነው።"

እውነት ነው። እንደመጣች የጋሽ መኳንንት ቤት ቀለም እየተቀባ ስለነበር ሦስት ሳምንት ያረፈችው እኛ ጋ ነው። መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው በእኛ አድራሻ ነው፤ እዚህ ትኖራለች ብላ የፈረመችላት እናቴ ናት።

"ደውለው ይጠይቁሃል። እኛ ጋ ናት የምትኖረው ትላለህ፤ አለቀ። እኔ ቤት በእንግድነት መጥታ መኪና ተዋሰች። የተዋሰ ሰውን ይከፍላሉ፤ አንተው ነህ የጻፍከው።"

"ጽፌዋለሁ" አልኩ። "ግን ጋሼ፣ እዚህ አይደለም የምትኖረው።"

"ውሸት ምኑ ላይ ነው?" አለች እናቴ። "እዚያ ሶፋ ላይ አልተኛችም?"

"ሦስት ሳምንት ነው እማዬ። ከዓመት በፊት።"

"አንተ ደግሞ ቀን ስትቆጥር ነው ያደግኸው።"

ጋሽ መኳንንት በትንሹ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። "ያን ፎርም የሞላኸው አንተ ነህ፣ ናሆሜ" አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። "እኔ እንግሊዝኛውን አላነበብኩትም። አንተን ነው ያመንኩት።"

እውነታቸውን ነበር።

በዚያ ሳምንት ውሉን አራት ጊዜ ደግሜ አነበብኩ። ድርጅቱ ጥፋተኛ ሆኖ እንዲገኝ የፈለግሁትን ያህል ሌላ ነገር ፈልጌ አላውቅም። የማይመች ነገር በእርግጥ አለው። ያን ጥያቄ የሚጠይቀው አንድ ጊዜ፣ ያውም መሀል ላይ ነው፤ ክፍያውን እየሰበሰበ ወራት ይቆያል፤ ማጣራት የሚጀምረው ራሱ መክፈል ሲመጣበት ነው። ጥያቄው ግን ግልጽ ነበር። ግሩፑ ላይ ወሬው ቀድሞኛል። "ሌቦች ናቸው፤ ናሆም ዝም ያለው ለምንድን ነው?" የሚል መልእክት በቀን ሁለት ሦስቴ ይገባል።

ሐሙስ ዕለት አጀስተሯ ደወለችልኝ፤ የአደጋውን ፋይል የያዘችው የፔካን ቤልት ሠራተኛ ማለት ነው። ድምፅዋ የደከመ፣ ግን ትሑት ነበር። አባይነሽ በእናንተ አድራሻ ትኖራለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቢሮ ነኝ፣ ቅዳሜ በአራት ሰዓት ብትደውይልኝ አልኳት። አልዋሸሁም፤ እውነቱንም አልተናገርኩም። ያን ሌሊት ሁለቱ ልዩነት አላቸው ወይ እያልኩ ተገላበጥኩ።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሜስኪት ደርሼ ጋሽ መኳንንት በር ላይ ፓርክ አደረግሁ። የማደርገውን ፊት ለፊት ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። እትዬ ምሥራቅ ከፈተችልኝ፤ ሳመችኝና ገና ሳልቀመጥ ፊቴን አይታ ጋሽ መኳንንትን ጠራችልኝ።

"አባይነሽ እዚህ ነው የምትኖረው ብዬ ለአጀስተሯ ልነግራት ነው" አልኳቸው። "ፎርሙን የሞላሁት እኔ እንደሆንኩ፣ እያወቅሁ እንዳለፍኩትም እነግራታለሁ። ጥፋቱን እኔ እወስዳለሁ።"

"ጥፋት መውሰድ ምን ዋጋ አለው?" አሉ ጋሽ መኳንንት። "አንተ ጥፋቱን ወስደህ እኔን ግሬፕቫይን ታደርሰኛለህ?"

"አደርስዎታለሁ።"

"ስንት ቀን?"

"መኳንንት" አለች እትዬ ምሥራቅ።

"ተይኝ። ይሄ ልጅ እዚህ ቤት እየበላ ነው ያደገው። አንድ ቃል ነው የለመንኩት፤ አንድ 'አዎ'።"

የትንሿ ልጅ ክፍል በር ተከፈተ። አባይነሽ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በአንድ እጇ እያሰረች ወጣች። ከአደጋው ወዲህ አግኝቻት አላውቅም። ከስታለች።

"ስለ እኔ ነው?" አለች።

"አንቺ ሥራ እንዳይረፍድብሽ" አሏት ጋሽ መኳንንት።

"የሚወስደኝ ሰው ገና አልመጣም። ናሆም፣ የምትደውልልህ ሴትዮ ምንድን ነው የምትጠይቅህ?"

"የት እንደምትኖሪ።"

"እኔን ለምን አትጠይቀኝም?"

እኔም ብሆን ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሷ አድራሻ ሳስብ እሷን መጠየቅ ትዝ አላለኝም።

"እንግዳዬን ፖሊስ ፊት እንደማቆም ነው" አሉ ጋሽ መኳንንት። "ደግ አይደለም።"

አባይነሽ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። "ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ እንግዳ ኪራይ ይከፍላል?"

እትዬ ምሥራቅ አንገቷን ደፋች። ጋሽ መኳንንት እኔን አዩኝ፤ ሰምቼ እንደሆነ ለማወቅ መሰለኝ። ለዕድሩ ሁሉ የሚያወሩት የሚስታቸውን እህት አንድ ዓመት ሙሉ በነፃ እንዳኖሩ ነበር።

"አንቺው ነሽ እሰጣለሁ ያልሽው" አሉ ቀስ ብለው።

"አዎ፤ መስጠቱም ደስ ይለኛል። ግን ተከራይ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እንግዳ ሲሉኝ ፍሪጅ እንኳ ሳላስፈቅድ አልከፍትም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ጫማዬን በር ላይ ሳይሆን አልጋ ሥር ነው የማስቀምጠው፤ ለቀናት የመጣሁ እንድመስል።" ፀጉሯን አስራ ጨረሰች። "መኪናዎን ሰብሬያለሁ። እሱን እከፍላለሁ፤ እድሜዬን ቢፈጅም እከፍላለሁ። ያቺ ሴትዮ ግን ክንዷን ይዛ መንገድ ዳር ተቀምጣ አይቻታለሁ። የት እንደምኖር ዋሽቼ አላድርም።"

ስልኬ ጠራ። አራት ሰዓት ሆኗል።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አጀስተሯ ንግግሩ እንደሚቀዳ ነገረችን፤ ተስማማን። ልተረጉምላት አፌን ስከፍት አባይነሽ በእጇ ከለከለችኝና በራሷ እንግሊዝኛ ተናገረች። ስሟን ነገረቻት። የጋሽ መኳንንትን ቤት ቁጥርና የመንገዱን ስም ነገረቻት። አሥራ አራት ወር አለች። ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ አልኩ፤ እዚያ ቤት እንደምትኖርም አውቅ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?" አለች አጀስተሯ።

"እንግዳ ናት ተባልኩ።"

"ያኔ አሥር ወር የቆየ ሰው እንግዳ ነው?"

ላስረዳት ጀመርኩ። በአዳራሹ ስለነበረው ሰልፍ፣ አንድን አባወራ ሰው ፊት መጠየቅ ስለማይቻለው ነገር ተናገርኩ። በእንግሊዝኛ ሲወጣ ሰበብ ብቻ መሰለ። የኪቦርዷ ድምፅ ይሰማ ነበር። ስጨርስ አመሰገነችኝ።

ጋሽ መኳንንት መሀል ላይ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጥተው ነበር። ስሄድ አልተሰናበቱኝም።

ውሳኔው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ፔካን ቤልት ለተጎዳችው ሴት እስከ ውሉ የክፍያ ጣሪያ ይከፍላል፤ ለጋሽ መኳንንት መኪና አይከፍልም፤ ውላቸውንም አያድስም። ከፈራሁት ይሻላል፤ ለእሳቸው ግን ይህን ለማለት ድፍረት አልነበረኝም። ሰኞና ረቡዕ ግሬፕቫይን አደርሳቸዋለሁ። መንገድ ላይ ስለ አየሩ እናወራለን። አባይነሽ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር አፓርታማ ተከራይታ ወጣች። እትዬ ምሥራቅ እናቴን ስታገኛት ትስማታለች፤ አትቀመጥም።

ለግሩፑ የጻፍኩት አጭር ነበር። ዋጋው አሁንም ጥሩ ነው፤ ስልክ ያነሳሉ፤ የሚከፍሉት ግን በቤታችሁ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ከነገራችኋቸው ነው፤ ይህን ቀድሜ በትልቁ አለመጻፌ የእኔ ስህተት ነው። አንዱ "ኮሚሽን ስንት ነው?" ብሎ መለሰ። ሌላው በእሱ ላይ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ በግል መልእክት ይጎርፍልኝ ጀመር። ወንድሜ እኔ ጋ ነው ግን ጊዜያዊ ነው፤ ይጻፋል? የአጎቴ ልጅ ሥራ እስክታገኝ ነው፤ ትጻፋለች? እስከ ማታ አሥራ አንድ ሆኑ፤ ከሠላሳ ስድስቱ ቤተሰብ አሥራ አንዱ። ለሁሉም አዎ፣ ይጻፋል አልኩ።

አሥራ ሁለተኛው ከማላውቃት ልጅ ነበር። "አክስቴ ቤት ነው የምኖረው፤ መኪናዋን እነዳለሁ። ስሜ የለበትም። እንዳይከፋት እንዴት ብዬ ልንገራት?"

ስምሽ መጻፍ አለበት ብዬ መለስኩላት። ለቀረው ጥያቄዋ ግን መልስ አጣሁ። ልጠይቃት አባይነሽ ጋ ደወልኩ። ሥራ ላይ ሳትሆን አትቀርም፤ አላነሳችም።