ከሴድሪክ አፍ ያልወጣችው ሶሪ

ሴድሪክ ሶሪ የማይለው ፍጥረት አልነበረም። ለድመት ይላል፣ ለመብራት እንጨት ይላል፤ የገዛ በሩ ጣቱን ቢቆነጥጠው በሩን ሶሪ ይላል። በሚኖርበት የከሰል ማዕድን መንደር ሌላውም ሰው ከእሱ አይሻልም። ሶሪ ማለት «አሳልፈኝ» ነው፤ «አልሰማሁህም» ነው፤ «አልሰጥህም» ነው፤ በጥርስ መሃል ሾልኮ ከወጣ ደግሞ «ዓይንህ የት ነው፣ አንተ ደነዝ?» ነው። እግሩን የተረገጠው ቀድሞ ሶሪ ይላል፣ ረጋጩ ይከተላል፣ ከዚያ ሁለቱም ዝናቡን አምተው ይለያያሉ።

አንዲት ሶሪ ብቻ ከሴድሪክ ጉሮሮ አልወጣም ብላ ተሰንቅራ ቀርታለች፤ ለኖርማን የምትባለው።

ኖርማን ከጉርምስና እስከ ጡረታ አብሮት ጉድጓድ የወረደ ጓደኛው ነው። ባለፈው መስከረም የኖርማን ሚስት ዶሪን ሞተች። የቀብሯ ዕለት የማዕድን ሠራተኞቹ ክበብ፣ ትልቁን ያበቀለ የሚሸለምበት የባሮ ሽንኩርት ውድድር ነበረው፤ ሴድሪክም ቀብሩን ትቶ ሽንኩርቱን ታቅፎ ወደ ውድድሩ ሄደ። የዚያ አገር ሰው ለባሮ ሽንኩርቱ የማይሆነው እንደሌለ የታወቀ ነው፤ ይህን ግን ሰይጣንም ያፍርበታል። ኖርማን «ሶሪ ይበለኝና ይብቃ» ብሎ ላከበት። ሴድሪክ አላለም። ዓመት ሊሞላ ሲል ኖርማን ቤቱን ሸጦ ጓዙን ሸክፎ፣ ላይመለስ ደቡብ ልጁ ዘንድ ሊሄድ ሆነ። የስንብቱ ዕለት ደረሰ።

«ዛሬ ካላልከው ለመቃብሩ ነው የምትለው» አለች የሴድሪክ ሚስት ሂልዳ፣ ከጋዜጣው የቃላት እንቆቅልሽ ቀና ብላ።

«ምን ዋጋ አለው? ጠዋት ለትኬት ማሽን ያልኩትን ቃል ለኖርማን ልውሰድለት?»

ሂልዳ መዝገበ ቃላቷን ጎትታ ጣቷን እየላሰች ገለጠች። «ስማ። የሶሪ ዘሩ ከጥንት ነው ይላል። መጀመሪያ ይቅርታ የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ቁስል፣ ሕመም ከሚለው ነው የተወለደው። ሶሪ ያለ ሰው ‹ያመኛል› ማለቱ ነበር።»

«እና እኔን ያመመኝ ይመስልሻል?»

«ዓመቱን ሙሉ ስትገላበጥ አጠገብህ የምተኛው እኔ ነኝ፣ አንተ ሰውዬ። ኮትህን ልበስ።»

ኖርማን ክበቡ ውስጥ ጥግ ይዞ፣ ሪህ ያሳበጠውን እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ቢራውን ይጠጣል። ሴድሪክ ሲገባ ሰው ሁሉ ሌላ ቦታ የሚያይ መሰለ፤ ጆሮው ግን እዚያው ነበር። ሴድሪክ መንገዱን ሙሉ ያጠናውን ንግግር ኖርማን ፊት ሲደርስ ረሳው። በርጩማው አደናቀፈው፣ ተንገዳገደ፣ ያንን ያበጠ የኖርማን እግር በሙሉ ክብደቱ ተደገፈው።

«ሶሪ!» ብሎ ጮኸ፣ ኖርማን።

ወዲያው ከባንኮኒው በኩል አንዱ «ተበዳዩ ይቅርታ ጠየቀ! ታረቁ!» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«አልጠየቅሁም! አምልጦኝ ነው! እግሬን ገደለው እኮ፣ ይሄ አህያ!»

አሁን ተራው የሴድሪክ ነው። ቃሏ ሳትጠራ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ዋጣት። አሁን ቢላት ለእግሩ ትቀራለች፣ ለዶሪን አትደርስም።

«ለእግርህ አልልህም» አለ። ሳቁ ቆመ። «የዶሪንን ሣጥን ማየት ፈርቼ ነው፣ ኖርማን። እናቴ ስትሞት ሾርባ ይዛልኝ የመጣችው እሷ ነበረች። ሽንኩርቱ ሰበብ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያመኛል። እዚህ ጋ። አሁንም ያመኛል።»

እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ቆመ። ኖርማን ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ስንተኛ ወጣህ?»

«ምን?»

«በሽንኩርቱ።»

«ሦስተኛ።»

«ከስንት?»

ሴድሪክ አቀረቀረ። «ከሦስት።»

የኖርማን ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ እሱም የለየው አይመስልም። «ወይ ዶሪን!» አለ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ፤ «ባትሞት ኖሮ ይህን ሰምታ በሳቅ ትሞት ነበር።»

ከዚያ የታመመውን እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ መሬት አወረደና በርጩማውን ወደ ሴድሪክ ገፋው።

«ተቀመጥ፣ አንተ ደነዝ። ባቡሬ ነገ ጠዋት ነው።»